ይህ የማን እጅ ነው?

መስከረም 22

የእህቴ ልጅ ሆይ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። ፈጣሪ ከወጣህበት ዳገት በደህና ያውርድህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው ያኮረፈኝ፤ እሱም ቢሆን ስቀመጥ እንጂ ስሄድ አያመኝም። እናትህም ደህና ናት፣ ትጠይቅሃለች።

መጀመሪያ ይህን ስማ። የድሮው ጸሐፊዬ ቤት ለቆ ስለሄደ ከዛሬ ጀምሮ ቃሌን የሚጽፈው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። የምጠራለትም እዚሁ ሱቁ ውስጥ ሆኜ ነው፤ እናትህ እንዳትሰማ። እሷ አሁንም የምታውቀው አንተ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንደምትደረድር ነው። ስትሄድ ሞተር ሳይክል ላይ እንዳትወጣ ያስማለችህ ሴት ናት። አንተ ደግሞ በሄድክ በዓመትህ ከተራራ ክሊኒኮች የደም ናሙና በሞተር እያወረድክ ሆስፒታል የምታደርስ ሰው ሆነህ አረፍክ። ለእኔ ብቻ ነገርከኝ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅህም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፖስታ ከረጢት በሞተር ጭኜ ያንን ጠመዝማዛ ተራራ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን አልወደቅኩም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ወርጃለሁ፤ እሱ ግን መውደቅ አይባልም። ሰፊው እየሳቀ ነው። ዝም ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሰፊው አነበበልኝ። መንገዱ ደህና ነው ይላል። ሥራው ደህና ነው ይላል። አየሩም ደህና ነው። ሁሉ ደህና! ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ማንበብ እንደማልችል ታውቃለህ፤ ማየት ግን እችላለሁ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ደብዳቤ ስሸከም አንዱንም አላነበብኩም፤ የማን እጅ እንደጻፈው ግን ከፖስታው ላይ አውቅ ነበር። የአንተ ፊደል ኩርባ ውስጥ እንደገባ ሞተረኛ ወደ አንድ ጎን ጋደል ይላል። መስመሩንም ይስታል። አሁን የመጣው ግን እንደ አጥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንተ ከተወለድክ ጀምሮ መስመር ጠብቀህ የጻፍክበት ቀን የለም፤ አስተማሪህ ስንት ጊዜ አስጠርታኛለች።

ይህ የማን እጅ ነው?

አጎትህ

*

ኅዳር 3

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ስለ ጽሕፈቴ ያሉት አስቆኛል። እርስዎ ፖስታ ከሚሸከሙ መርማሪ ፖሊስ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ያለሁበት ቤት ሰፊ ጠረጴዛ ገብቶልኛል፤ ብዕሬም አዲስ ነው። ድሮ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነበር የሚንጋደደው።

ይልቅ የሚወዱትን መንገድ ልንገርዎት። ከላይኛው ክሊኒክ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ሙሉ ቁልቁለት ነው። በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በአንድ በኩል ገደል። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ስለሚወርድ አስፋልቱ እርጥብ ይሆናል፤ ቅጠል የረገፈበት ቦታ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እንዳስተማሩኝ ፍሬኔን ኩርባው ሳይመጣ እጨርሳለሁ። ማርሽ ቀንሼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ አደርጋለሁ። ዓይኔም የምወጣበት ላይ እንጂ ገደሉ ላይ አያርፍም። ከባልደረቦቼ አንዷ የአገራችን ልጅ ናት። ሁልጊዜ ከፊት ስለምትነዳ ፊተኛዋ እንላታለን። መንገዱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

በፊት ልልክልህ ነው ያሉኝን የእርስዎን የቆዳ ጓንት ግን አይላኩት። እዚህ ጥሩ ጥሩ ጓንት አለ፤ በከንቱ አይድከሙ። እናቴን ሳሙልኝ፤ ስለ ሥራዬ ከጠየቀች እንደ ድሮው ይንገሯት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 1

የእህቴ ልጅ፣ ወይም የእህቴ ልጅ ነኝ የምትለው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ አንተ ከሆንክ።

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠረጠርኩት፤ ተነብቦ ሲያልቅ ብዙ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰፊውን ነው። እሱ እያሳመረ የሚያነብልኝ መስሎኝ ወረቀቱን ይዤ ፎቶ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ጋ ሄድኩና እንደገና አስነበብኩት። ቃል በቃል ያው ነው። ሰፊው ይህን አሁን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጦ "እኔን ጋሼ? እኔን?" አለ። አዎ አንተን አልኩት። ከተጠረጠርክበት ነጻ ወጥተሃል፣ ምን ታኮርፋለህ? ጻፍ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ያን ጓንት ከልጅነትህ ጀምሮ ስትለምነኝ አልኖርክም? እጅህ ውስጡ ሲዋኝ እንኳ አድርገኸው ጎረቤት ለጎረቤት ትዞር አልነበረም? አልሰጥህም ስልህ አኩርፈህ አልጋ ሥር የገባኸውን ረሳኸው? አሁን በገዛ እጄ ስሰጥህ አይላኩት። ወይ ጠልተኸኛል፣ ወይ አንተ አይደለህም።

ደግሞ "በጣም ደህና ነኝ" ብሎ ነገር ምንድን ነው? አንተ ደህና ሆነህ አታውቅም። የድሮው ደብዳቤህ መቀመጫዬ በብርድ ደነዘዘ፣ አለቃዬ በቅሎ ነው፣ ሾርባቸው የእግር መታጠቢያ ይመስላል እያለ ነበር የሚጀምረው። ያ ነጭናጫ ልጅ የት ሄደ? አሁን የሚጽፍልኝ ሰው የተማረ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ነገር አይወጣውም። ደስ የማይል ሰው ነው።

ስልክ ደውዬ ድምፅህን እንዳልሰማ፣ የምታድርበት ቤት ስልክ የለውም ትላለህ። እሱንም ጠርጥሬዋለሁ።

በዚህ ዓለም ሰው ሞቶ በስሙ ደሞዝ የሚበላ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናትህ ማታ እራት ስታቀርብ "ልጄ ምን አለ?" ትለኛለች፤ ደህና ነው እላታለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ሞተር ባስተማርኩህ ሰሞን ከኋላህ ምን አሰርኩብህ? በመጀመሪያው ቀን ታች ስንደርስስ ምን አልኩህ?

ከመለስክ የእህቴ ልጅ ነህ። ካልመለስክ ግን አንተ ማነህ? ልጁንስ የት አደረስከው?

አጎቱ

*

የካቲት 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በረዶ መንገዱን ዘግቶት ፖስታ አልወጣም ነበር።

ጥያቄዎን ልመልስ። ከኋላዬ ያሰሩብኝ ክዳን የሌለው ጀሪካን ነው። ውሃ እስከ አፉ ሞልተው በገመድ ጠፈሩትና "ሳታፈስ አውርደው" አሉኝ። ፍሬን ድንገት ስይዝ ውሃው ጀርባዬ ላይ ይደፋል፤ ጋዝ ድንገት ስሰጥ ወደ ኋላ ይደፋል። ታች ስንደርስ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ እኔ እስከ ካልሲዬ ርሻለሁ። እርስዎም አዩኝና "እናትህ ከጠየቀችህ ዝናብ ነው በላት" አሉኝ። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። እናቴም "ከጀርባ ብቻ የሚመታ ዝናብ ዛሬ አየሁ" ብላ ሁለታችንንም እራት ከለከለችን።

አሁን አመኑኝ?

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛዬ ነው። አንድ ሰው ኩርባ ላይ ከወደቀ በኋላ ወደዚያው ኩርባ ሲመለስ ምን ማድረግ አለበት? ሞተር ላይ ባይሆንም፣ በአውቶቡስ ሲያልፍበት እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህ ይተወዋል ወይስ አብሮት ይኖራል?

እናቴን ሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 24

የእህቴ ልጅ፣

በሕይወት ስላለህ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ሰፊው የጀሪካኑን ነገር ሲያነብልኝ ድገመው አልኩት። ጆሮዬ እየደከመ ነው ብዬ ነው ያስደገምኩት። ሰፊው ግን ሦስተኛ ጊዜ ሳልጠይቀው አነበበልኝ።

እሺ፣ አንተ ነህ። እጁ ግን አሁንም ያንተ አይደለም። ሰፊ ጠረጴዛ፣ አዲስ ብዕር... እኔን ነው የምታታልለው? አንተ የቤተ መንግሥት ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥም መስመር ትስታለህ።

ደግሞ "ለጓደኛዬ ነው።" ፖስታ ቤት በር ላይ ስንት ሰው ለጓደኛዬ ነው እያለ ሲጠይቀኝ እንደኖረ ብነግርህ! ለጓደኛው የሚጠይቅ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ዓይን ሲጨፈን አያይም። ወድቀሃል። የት እንደወደቅክ፣ ምንህን እንደተመታህ፣ ማን እንደጣለህ ነው የማላውቀው።

ከአሁን በኋላ የምናገረው ለአንተ አይደለም። ብዕሩን ለያዘው ነው። አንተ ወይም አንቺ፣ ስሚኝ። ሴት ነሽ መሰለኝ፤ ወንድ እንዲህ አድርጎ ጠርዙን አይጠብቅም። ሰፊው እኔ እጠብቃለሁ ይላል፤ እሱን ተይው። ልጁ የሚልሽን ትጽፊያለሽ። እኔም የምለውን ሰፊው ይጽፋል። እንግዲህ በእኔና በልጄ መሃል ሁለት ሰው ገብቶ ተቀምጧል። የእኔን አውቀዋለሁ፣ ሱሪዬን ሲያሳጥር አሳጥሮ ያበላሸ ሰው ነው። አንቺን ግን አላውቅሽም። ለምን ትጽፊለታለሽ? ምን አገባሽ? አንድ ሰው ሌላው ሰው ለወራት ሲዋሽ ዝም ብሎ ብዕር ይዞ የሚቀመጠው፣ በነገሩ ውስጥ እጁ ሲኖርበት ነው።

በራስሽ ቃል ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ እናቱን አስቀምጬ የጠረጠርኩትን ሁሉ እነግራታለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣባችሁን እናንተ ቻሉት፤ እኔ እህቴን አውቃታለሁ።

አጎቱ

*

መጋቢት 15

ለማላውቅዎት አባት፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ እሱ አላየውም። መጀመሪያ የሚያስፈራዎትን ላንሳልዎት፤ በሕይወት አለ፣ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሾርባውንም ይሳደባል። ስድቡን እኔ ነኝ የምቆርጠው። ለአጎት አይጻፍም ብዬ ነው፤ አሁን ግን እንደዚያ ማድረጌ ይበልጥ እንዳስጠረጠረዎት ገባኝ።

እኔ ፊተኛዋ የሚሉኝ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ከላይኛው ክሊኒክ የናሙና ሳጥኖቻችንን አስረን ወረድን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። "ጭጋጉ አያሳየኝም፣ መብራትሽን እያየሁ እከተላለሁ" አለኝ። እሺ አልኩት። እኔ መንገዱን ስለማውቀው እንደ ወትሮዬ ነዳሁ። በስፖኪዮ ሳይ መብራቱ አለ። ሰፊውን ኩርባ አለፍኩ። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ዓይነት። ከድንጋዩ በኩል ዝናቡ ጠጠር አውርዶበታል። እኔ ጠጠሩን አይቼ በውጭ በኩል አለፍኩ። ከዚያ በስፖኪዮ ሳይ መብራቱ የለም።

ተመልሼ ስደርስ ሞተሩ የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ተለጥፎ ነበር። ቀኝ እጁ በብረቱና በፍሬን መያዣው መሃል ተጣብቆ ነበር። የእኔን ቀይ መብራት እያየ ጠጠሩ ላይ ገባ፤ ጎማው ሲሸሸው የፊት ፍሬኑን ጨመቀው። ሄልሜቱ ተሰንጥቋል፣ ራሱ ግን ደህና ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሳጥኑ ተሰበረ?" ብሎ ነው። አልተሰበረም።

እጁ ተሰብሮ ስለማይጽፍ እኔ ጻፍኩለት። እርስዎ እንዳይሰሙ ስለለመነኝ ያለኝን ጻፍኩ። ምን አገባሽ ብለዋል። ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ይኸው ነው ያገባኝ። ሊራገሙኝ ከፈለጉ እሱ እንዳያነበው ለብቻዬ ይጻፉልኝ፤ አድራሻዬ ከታች አለ።

ፊተኛዋ

*

ሚያዝያ 2

ለፊተኛዋ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እርግማን የለኝም። ሰፊው አንቺ እንዳትፈሪ ይህንን መጀመሪያ ላይ እናስቀምጠው ብሎኝ ነው፤ እኔስ ትንሽ ላቆይሽ ነበር።

ደብዳቤሽን ስሰማ መጀመሪያ ያልኩት፣ ተመለስኩ ትላለች እንጂ ይህች ልጅ ጥላው ሸሽታለች ነው። ቀጥሎ ያልኩት፣ ልታጣው ስላልፈለገች ነው የምትዋሸው። ሦስተኛውን ያልኩት ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነው። እነግርሻለሁ።

እኔ ስነዳ ያ ተራራ ላይ ሞተር ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፊቴ ማንም ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ልጁን ፍሬን አስተማርኩት፣ ማርሽ አስተማርኩት፣ ዓይን አስተማርኩት፤ ሰው መከተልን ግን አላስተማርኩትም። እኔ ማንን ተከትዬ አውቃለሁና! እሱም የእኔ ዓይነት ነው፤ መከተልን ሳያውቅ ተከታይ ሆነ። ከፊቱ ያለው ሰው ለእሱም መንገድ የሚያይለት መሰለው። አንቺ ግን ያየሽው ለራስሽ ነበር። ሰው የሚያየው ለራሱ ብቻ ነው።

አሁንም እየነዳሽ ነው? ከሆነ ይህን ያዢ። ከፊትሽ ሌላ ካለ በየኩርባው ከዓይንሽ እስኪጠፋ ድረስ ራቂው። ካልጠፋ ቀርበሽዋል ማለት ነው። አንቺም ከፊት ስትሆኚ በስፖኪዮሽ ሰው አትጎትቺ። "ተከተለኝ" የሚልሽ ካለ አንቺ ቁሚና እሱ ይቅደም፤ ቀስ ይላል፣ ይናደዳል፣ ይደርሳል። ከዝናብ በኋላ ጠጠር የሚተኛው በድንጋዩ በኩል ነው። እዚያ ጥግ የምታቋርጪው ጎበዝ ለመባል ካልሆነ ምን ልትሠሪ ነው? ከባድ መኪና ደግሞ ኩርባ ሲዞር ጅራቱን ወደ አንቺ ይጥላል፤ መሃሉን አትመኚ። ጭጋጉ ካላሳየሽ ቁሚ። ደም በሳጥን ውስጥ ትንሽ ቢጠብቅ አይሞትም፤ አንቺ ውስጥ ያለው ነው የሚያሳስበኝ።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ። አልለቀኝም። በነሐሴ የተሰበረ አጥንት አሁን ሚያዝያ ሆኖ ብዕር አይይዝም? እኔ ጣቴን በር ሲቀረቅርብኝ በወሩ ማርሽ ስቀይርበት ነበር። ስለ እጁ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስለ ጠጠሩ ግን ብዙ ጻፍሽ። ሰው የሚያልፈው የሚያስፈራውን ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ለልጁ አንብቢለትና እሱ ይመልስ። ያ እጅ ይጨብጣል?

አጎቱ

*

ሚያዝያ 25

ጋሼ፣

ይህን እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ምንም እንዳትቆርጥ አስምዬያታለሁ።

አይጨብጥም።

አጥንቱ ገጥሟል። የተበላሸው ጅማቱ ነው። ሁለት ጊዜ ቀደዱኝ። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ ትንሽ ይነቃነቃሉ፣ የቀሩት ጣቶቼ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ያዩኛል። ማንኪያ በግራ ነው የምይዘው። የፊት ፍሬን መያዝ አልችልም፤ የፊት ፍሬን የማይይዝ ሰው ደግሞ ተራራ አይወርድም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጓንቱን አይላኩት ያልኩት ለዚህ ነው። የቀኙን ምን ላድርገው?

ለምን ደበቅከኝ ይሉኛል። ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በየሰዉ ደጃፍ "የእህቴ ልጅ ባሕር ማዶ እንደ እኔ ይነዳል" እያሉ እንደሚያወሩ ሰው ጽፎልኛል። እናቴ በሌለችበት ነው የሚያወሩት ብሎኛል። ያንን ወሬ ማን ያቋርጥብዎት? እኔ እንኳ ተኝቼ ያንን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር። የሆነ ቦታ፣ በእርስዎ አፍ ላይ፣ እየነዳሁ ነው እል ነበር።

ከሥራ አልተባረርኩም። የት እንዳስገቡኝ ልንገርዎት? መጋዘን። የናሙና ጠርሙስ፣ ጥጥ፣ መርፌ፣ በመደርደሪያ ላይ እደረድራለሁ። ለእናቴ የነገርናት ውሸት ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነበር። አለቃዬ አሁንም በቅሎ ነው። ሾርባው ግን ተሻሽሏል። እሷ ናት የምትሠራው።

የጓደኛዬን ጥያቄ አልመለሱልኝም። አሁንም አውቶቡሱ እዚያ ኩርባ ሲደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ለእናቴ አይንገሯት። እለምንዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ

*

ግንቦት 12

የእህቴ ልጅ፣ ፊተኛዋም፣

ሰላም ለሁለታችሁም ይሁን።

ደብዳቤህን ሰፊው አነበበልኝ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ማሽኑን ዘይት መቀባት ጀመረ። ማሽኑ ትናንት ነው የተቀባው። የምለው ብዙ ነው፣ ግን ተራ ያዘብኝ።

መጀመሪያ የጓደኛህን ጥያቄ ልመልስ። አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጥ። ኩርባው ሲመጣ ዓይንህን ግለጥና መውጫውን እይ። ጠጠሩን አትይ፣ ብረቱን አትይ፣ መውጫውን ብቻ። ሾፌሩ ያዙረው፤ አንተ እይለት። በየቀኑ አድርገው። ይተወዋል ወይ አልከኝ፤ አይተውም። ግን መውጫ እንዳለው ታያለህ። ከዚህ የተሻለ የሚነግርህ ካለ እኔንም አስተዋውቀኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወሬዬ። በየሰዉ ደጃፍ አወራ ነበር፣ አልክድም። ከመስከረም ወዲህ ግን ከአፌ አልወጣም። ምን እያልኩ ላውራ? በሕይወት መኖርህን እንኳ ሳላውቅ! እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ደግሞ አወራለሁ። የሚወራም አገኘሁ፤ መንገድ ላይ ወድቆ እጁ ተጣብቆ ሳለ መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ ጠየቀ እላለሁ። ከዚህ በላይ የሚነዳ ካለ ይምጣ።

ሦስተኛው የእናትህ ነገር ነው። አትንገሯት ብለሃል። እኔም ቃሌን ልጠብቅ ነበር። ነገር ግን ይህን እየጠራሁ ለሰፊው ሳስጽፍ ቀሚስ ለማስጠበብ ብላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ሰፊው አይቷት ጽሑፉን አቋርጦ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ነው ዞር ያልኩት።

"ቀጥል እንጂ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የምታስጽፈውን። እኔ ከመስከረም ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። አንተ ስለ ሞተር ሳታወራ አንድ ሳምንት አልፎ ያውቃል? ይኸው ከመስከረም ጀምሮ በቤቴ ውስጥ ሞተር የሚባል ቃል የለም። ልጄ አንድ ነገር ሆኗል አልኩ። እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ። ስትዋሸኝ ደግሞ ጉልበትህ ነው የሚያምህ፤ ስትቀመጥ ታሸዋለህ።"

"ሞተር እንደሚነዳስ ታውቂያለሽ?"

"አንተ ባሳደግከው ልጅ መጋዘን ይሠራል ብዬ የማምን ሞኝ እመስልሃለሁ? ዝናብ ነው ያላችሁኝ እኮ እናንተው ናችሁ።"

ሰፊው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ "አንብበው" አለችው። ከላይ ጀምሮ አነበበላት፤ ያንተንም፣ የልጅቷንም፣ ይህን እኔ የጀመርኩትንም። እጁ አይጨብጥም የሚለው ላይ ሲደርስ አላለቀሰችም። ቀሚሱን አጥፋ ዘረጋችው፣ አጥፋ ዘረጋችው። ከዚያ እኔን ሳይሆን ሰፊውን አየችና እኔ የምለውን ጻፍ አለችው። ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው እንግዲህ የእሷ ቃል ነው። እኔ አልቆረጥኩም፣ አልጨመርኩም። ሰፊው ምስክሬ ነው።

ልጄ፣ እናትህ ነኝ። ስለ መሐላው በኋላ እንነጋገራለን፤ አልረሳሁትም። ስለ እጅህም በሕይወት እስካለህ ድረስ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፣ ማልቀሱ የራሴ ጉዳይ ነው። ከአንተ የምፈልገው አንድ መልስ ነው። በአጎትህ በኩል እንዳታስተላልፈው፤ ለእኔ በስሜ ጻፍ። ማንኪያ በግራህ ትይዛለህ ተባለ፣ ገባኝ። ሾርባውን እሷ ትሠራለች ተባለ፣ እሱም ገባኝ። አንተ ግን ክፍት ሸሚዝ ለብሰህ ከቤት የምትወጣ ልጅ አይደለህም፤ እኔ አይደለሁ ያሳደግኩህ? አንድ እጅ ያለው ሰው የሸሚዙን አንገት ራሱ አይቆልፍም። በየጠዋቱ ቁልፍህን የሚቆልፍልህ ማነው?

የእሷ ቃል እዚህ አበቃ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ። ከመስከረም ጀምሮ ስጠረጥር ይህች ጥያቄ ለምን ወደ እኔ አእምሮ እንዳልመጣች አላውቅም። ሰፊውም ማወቅ ይፈልጋል። በረዶ ዘጋን ምናምን የሚል ሰበብ አልሰማም፤ አሁን ግንቦት ነው።

ፊተኛዋ፣ ይህን ጥያቄ ስታነቢለት ብታፍሪ እሱ ይነግረኛል ብዬ አልጠብቅም። አንቺ ራስሽ ጻፊልኝ።

አጎቱ፣ ከእህቱ ጋር